ልጃችሁን ሙዚቃ፣ ውዝዋዜና ድራማ ልታስጀምሩ ነው? እንዲህ አድርጉ

ሰኔ ሲጋመስ ጥያቄው ይጀምራል። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፣ ወላጅ ሥራ ላይ ነው፣ ልጁ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ስልክና ቴሌቪዥን ላይ እንዳይተከል ተፈርቷል። «ለልጆች ጥሩ የሙዚቃ ወይም የውዝዋዜ ክላስ የምታውቂው አለ?» ይሉኛል። ከትንንሽ ልጆች ጋር ስለምሠራ በየዓመቱ እጠየቃለሁ፣ ቦታ ከመጠቆሜ በፊትም ሁልጊዜ አንድ ነገር እላለሁ፦ የመጨረሻ ቀን ትርኢቱን አይታችሁ አትምረጡ። አንድ ተራ የትምህርት ቀን ገብታችሁ ጥግ ላይ ተቀመጡና ልጆቹ በዚያ ሰዓት ውስጥ ምን ያህል እንደሚያዜሙ፣ እንደሚንቀሳቀሱ፣ እንደሚስቁ እዩ። ልጁ የሚያተርፈው እዚያ ውስጥ ነው። ትርኢቱ ለእኛ ለወላጆች ነው።

እዚህ የምጽፈው ከ3 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ከዚያ በላይ ላለ ልጅ ነገሩ ይለያል።

መጀመሪያ ምን እንደምትፈልጉ እወቁ

አንዳንድ ቦታ «ሙዚቃ የልጅዎን አእምሮ ያጎለብታል፣ በሒሳብ አንደኛ ያደርጋል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ታያላችሁ። በዚህ ተስፋ ብቻ ብር አትክፈሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ግሌን ሼለንበርግ የተባለ ተመራማሪ ቶሮንቶ ውስጥ የተሠራ ጥናት አወጣ። 144 የ6 ዓመት ልጆችን በ4 ቡድን ከፍሎ አንዱን ኪቦርድ፣ አንዱን በድምፅ ማዜም፣ አንዱን ድራማ ለአንድ ዓመት አስተማረ፣ አራተኛውን ምንም አላስተማረም። ሙዚቃ የተማሩት በአእምሮ ፈተና ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ አሉ። ትንሽ ነው፣ ልብ በሉ። ድራማ የተማሩት ደግሞ ከሰው ጋር በመግባባት መሻሻል አሳዩ፣ ይህ ሙዚቃ በተማሩት ላይ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሃርቫርድ ውስጥ የ4 ዓመት ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር ለጥቂት ሳምንታት ሙዚቃ አስተምረው ሲፈትኗቸው ግን የሚያስተማምን የአእምሮ ብልጫ አልተገኘም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ሌላ ነው። ኪርሽነርና ቶማሴሎ የተባሉ ተመራማሪዎች ጀርመን ውስጥ የ4 ዓመት ልጆችን ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ አንዳንዶቹን አብረው እያዜሙና እየመቱ፣ ሌሎቹን ያለ ሙዚቃ አጫወቷቸው። ከዚያ ጓደኛቸው ሲቸገር ለመርዳት ይበልጥ የተነሡት አብረው ያዜሙት ነበሩ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ከልጆች ጋር የሚውል ሰው ይህን በየቀኑ ያየዋል። አብረው አንድ ዜማ የተቀባበሉ ልጆች ከዚያ በኋላ በአሻንጉሊት የሚጣሉት ያንሳል።

ስለዚህ የምትጠብቁት ይህን ይሁን፦ ተራ መጠበቅ፣ ሰው ፊት ድምፅን ማውጣት፣ የሌላውን ፊት አይቶ ስሜቱን መለየት፣ ሰውነትን ማዘዝ፣ ማዳመጥ። የቋንቋም ጥቅም አለው። ቤት የሚመታ ግጥም ደጋግሞ ያለ ልጅ የቃላትን ድምፅ መነጣጠል ይቀለዋል፣ ይህም ኋላ ንባብ ሲጀምር ያግዘዋል። የሚንተባተብ ልጅ ደግሞ ሲያዜም ወይም ከሌሎች ጋር እኩል ሲናገር ብዙ ጊዜ ቃሉ ይፈታለታል። ይህ ሕክምና አይደለም፣ የንግግር ባለሙያ ካስፈለገው ያስፈልገዋል። ግን የራሱን ድምፅ ሳይቋረጥ ሲወጣ የሚሰማበት ቦታ ማግኘቱ ለእንዲህ ያለ ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። «ልጄን አዝማሪ ልታደርጉብኝ ነው?» የሚል አባት ዛሬም አለ። አያቶችም ይሉታል። ይህ ንግግር ያናድደኛል፣ ያሳዝነኛልም፣ ምክንያቱም ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል። ደግሞስ በእኛ ሀገር በዜማና በሰውነት መማር መቼ አዲስ ሆነ? የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል የሚቆጥረው በዜማ ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ታጅቦ፣ እግርና ወገብ እኩል እየተንቀሳቀሰ ይቀርባል። መንዙማ እየሰሙ ያደጉ ልጆችም አንዱ ሲያወጣ ሌላው መቀበልን ከሕፃንነታቸው ያውቁታል። እንዲህ ያለ አባት ሲገጥማችሁ አትከራከሩት። አንድ ቀን ክላሱን ቁጭ ብሎ እንዲያይ ጋብዙት፣ ልጁ ሲስቅ ያያል።

ክላስ ከመፈለጋችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ቤት ሞክሩት

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ልጃችሁ ወደ ምን እንደሚሳብ እወቁ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉ እኛ ልጅ ሆነን የተጫወትነው ጨዋታ ውስጥ አለ።

«መሃረቤን ያያችሁ»ን አስታውሱ። ልጆች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ አንዱ እየዞረ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ መሃረቡን ሳይታይ ከአንዱ ልጅ ኋላ ጣል ያደርጋል። እዚህ ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ እዩ። አውጪና ተቀባይ አለ። ምቱን ሳያበላሹ መራመድ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መሃረቡን የጣለው ልጅ ምንም እንዳልሠራ ሰው ፊቱን ጠብቆ መቀጠል አለበት፣ ይህ ትወና ነው። የ4 ዓመት ልጅ መጀመሪያ ላይ ይጥልና ራሱ በሳቅ ይፈርሳል። ሲደጋገም ፊቱን መግዛት ይማራል።

«ኩኩሉ»፣ «አልነጋም» እየተባባሉ መደበቅ ድምፅን እዚያ ማዶ ድረስ መላክ ያስተምራል። እቴሜቴ እጅ ለእጅ እየተጨበጨበ ሲባል የጓደኛን ፍጥነት እያዩ መሄድ ግድ ይሆናል። አንዱ ከፈጠነ ጨዋታው ይበላሻል፣ ልጆቹም ራሳቸው ይተራረማሉ።

እንቆቅልሽ ላይ ደግሞ ብዙዎቻችን የምንዘለው ክፍል አለ። መልሱ ሲጠፋ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። አገር ይሰጠዋል። ከዚያ እዚያ ሄዶ ያየውን፣ የበላውን፣ የጠጣውን ከራሱ እየፈጠረ ያወራል። እባካችሁ ይህን ክፍል አትዝለሉት። መልሱን ቶሎ ነግራችሁ ወደ ሚቀጥለው እንቆቅልሽ አትሂዱ። ልጁ ጎንደር ወይም ጅማ «ገብቶ» የሚያወራው ሁሉ ያለ ጽሑፍ የሚሠራ ድራማ ነው፣ እሱን ለማስለመድ ብዙ ክላሶች ብር ያስከፍላሉ።

ተረትም በድምፅ ይነገር። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሣህሉ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ መሣሪያቸው ድምፃቸው፣ ፊታቸውና አካላቸው ነበር። የመድረክ ተዋናይም ስለነበሩ ያውቁበታል። እናንተም ጅቡን በወፍራም ድምፅ፣ ጦጣዋን በቀጭን፣ ኤሊዋን በዝግታ ተናገሩ። በማግስቱ የጅቡን ድርሻ ለልጁ ስጡት። ከዚያ ሲለምደው መጨረሻውን እሱ ይቀይረው።

ልጃችሁ ዓይነ አፋር ከሆነ አሮጌ ካልሲ ውሰዱ፣ ሁለት ቁልፍ ለዓይን ስፉበት፣ እጃችሁን አስገቡና አናግሩት። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ የምታዩዋት ቀጭኔም የእጅ አሻንጉሊት ናት፣ እና ስንት ልጅ ለቴሌቪዥኑ መልስ እየሰጠ አድጓል። ከእንግዳ ጋር አንድ ቃል የማይተነፍስ ልጅ ከካልሲ ጋር ሲያወራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከዚያ ካልሲውን ለእሱ ስጡት። ሰው የሚያየው ካልሲውን ስለሚመስለው ድምፁ ይወጣል።

በእነዚህ ቀናት ዝም ብላችሁ ታዘቡ። ምት ሲሰማ እግሩ የሚንቀሳቀስ ልጅ አለ። ተረቱ ላይ ዓይኑ የሚፈጥ አለ። መዝለልና መገልበጥ ብቻ የሚፈልግም አለ። ክላስ ስትፈልጉ ከዚያ ተነሡ።

በዕድሜው ምን ይስማማዋል

የ3 ዓመት ልጅ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። እናቱ፣ አባቱ ወይም ሞግዚቱ አብረውት ቢገቡ ይመረጣል። ምቱ ላይ አለመሄዱ አያስጨንቃችሁ፣ እግርን ከሌላ ሰው ምት ጋር ማስማማት በዚያ ዕድሜ ገና ነው። የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች 45 ደቂቃ ይችላሉ፣ የእነሱ ድራማ አንበሳ መሆን፣ ዝናብ መሆን፣ ባለሱቅ መሆን ነው። ጽሑፍ አስይዞ ማስሸምደድ አያስፈልግም። ከ6 ዓመት በኋላ አንድ ሰዓት ይቻላል፣ አጭር ትዕይንት መሥራትም ቅደም ተከተል ያለው ውዝዋዜ መያዝም ይጀምራሉ።

ስለ ዜማ የምለው አለኝ። ጀርመናዊው ካርል ኦርፍና ሃንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይ በዓለም የታወቀ የልጆች ሙዚቃ አስተማማር ሲዘረጉ ሕፃናትን በ5 ድምፅ ዜማ ማስጀመርን መርጠዋል፣ ምክንያቱም ለትንሽ ልጅ ለማዜም ይቀላል። የእኛ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የ5 ድምፅ ቅኝቶች ናቸው። ልጆቻችን ከጓዳቸው ያለውን ትተው ሁሉንም ነገር በውጭ የልጆች መዝሙር የሚጀምሩበት ምክንያት አይገባኝም። ሁለቱንም ይስሙ፣ ግን የቤታቸው አይጉደል።

ሌላው ድምፅ ነው። የልጅ ድምፅ ቀጭን ነው፣ ወደ ታች ብዙ አይወርድም። በወፍራም ድምፁ የሚያዜም ወንድ አስተማሪ ልጆቹ ሊከተሉት ሲሉ ጉሮሯቸውን ያስጨንቃል ወይም ዜማው ይጠፋባቸዋል። ጥሩ አስተማሪ በቀጭኑ ያወጣላቸዋል፣ ወይም ድምፁ የሚቀርባቸውን ትልቅ ልጅ አውጪ ያደርጋል። «ጮክ በሉ! አልሰማሁም!» እያለ የሚያስጮህ አስተማሪ ካያችሁ ሌላ ፈልጉ።

መሣሪያን በተመለከተ አትቸኩሉ። ከበሮ ለሁሉም ዕድሜ ይሆናል። ክራር 5 ወይም 6 ክር አለው፣ ጣት ጠንከር ማለት ስላለበት ወደ 7 እና 8 ዓመት ግድም፣ በትንሽ መጠን የተሠራ ተገኝቶ ቢጀመር ጥሩ ነው። ዋሽንት ላይ ቀዳዳው በደንብ ካልተደፈነ ድምፁ አይወጣም፣ የትንሽ ልጅ ጣት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይደፍነውም፣ ልጁም «አልችልም» ብሎ ይተወዋል። ማሲንቆ ክሩ አንድ ቢሆንም ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም፣ ጆሮ ይፈልጋል፣ ይቆይ። ኪቦርድ ገና ሲነኩት ድምፅ ስለሚሰጥ ለጀማሪ ይመቻል።

ውዝዋዜ ላይ የሀገራችን ሀብት ያስደስተኛል። የጎንደርና የጎጃም እስክስታ ትከሻ ነው፣ የጉራጌ እግር ነው፣ የወላይታ ወገብ ነው፣ የትግራይ ክብ ሠርቶ ከበሮን ተከትሎ መሄድ ነው። ልጅ አንድ በአንድ የሰውነቱን ክፍል እያወቀ ይሄዳል። ጉልበቱ ሞልቶ የሚፈስ ልጅ ካላችሁ በጉራጌ ይጀምር። አንገትን በኃይል መወርወር ግን ለትንንሾች አይሁን፣ ትከሻቸውን ይልመዱ።

ክላሱን ስትጎበኙ

ሳታስመዘግቡ በፊት አንድ ሙሉ ሰዓት ለመመልከት ጠይቁ። እምቢ ካሏችሁ ውጡ። ከፈቀዱላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ልጆቹ ምን ያህል ጊዜ ቆመው ተራ እንደሚጠብቁ ነው። አንድ ልጅ እየሠራ 20 ልጅ ግድግዳ ተደግፎ የሚያይበት ክላስ የመቆም ክላስ ነው። ለትንንሾች አንድ አስተማሪና አንድ ረዳት ካሉ 10 ልጅ አካባቢ ደህና ነው።

ከዚያ አስተማሪዋን እዩ። ወለል ላይ ትቀመጣለች? ዓይናቸውን ታያለች? የልጆቹን ስም ታውቃለች? መሥራት ያልፈለገው ልጅ ምን ይደረጋል? እኔ ከሁሉም በላይ የምመዝነው ይህን የመጨረሻውን ነው። ጥሩ አስተማሪ «እሺ፣ እዚህ ተቀምጠህ ከበሮውን ያዝልኝ» ትለዋለች። ጥሩ ያልሆነችው «እዩት ይሄ ፈሪ!» ትላለች፣ ሁሉም ይስቃል፣ ልጁም ለብዙ ጊዜ አፉን ይዘጋል።

ወለሉን ተመልከቱ። ሴራሚክ ላይ በካልሲ መዝለል መውደቅ ነው፣ ባዶ ሲሚንቶም ለጉልበትና ለቁርጭምጭሚት ደረቅ ነው። ምንጣፍ ወይም ጣውላ ይኑረው፣ ልጁ ባዶ እግሩን ወይም የማያንሸራትት ጫማ አድርጎ ይሥራ። ስፒከሩንም ስሙ። አጠገባችሁ ያለን ሰው ለማናገር መጮህ ካስፈለጋችሁ ለልጅ ጆሮ በዝቷል።

የደኅንነት ጥያቄዎችን ሳታፍሩ ጠይቁ። በሩ ክፍት ነው? ወላጅ በማንኛውም ሰዓት መግባት ይችላል? ሽንት ቤት ማን ይወስዳቸዋል? ልጁን ለማን ነው የሚያስረክቡት? አስተማሪው እጅና እግር ለማስተካከል ሲነካ ልጁን ያስፈቅዳል? ቪዲዮ ቀርጸው ቲክቶክ ላይ ይለቃሉ? የመጨረሻውን በጽሑፍ ብታስቀምጡት ይሻላል። በእነዚህ ጥያቄዎች የሚቆጣ ቦታ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ለመክፈል አቅም ከሌላችሁ ክላስ የግድ አይደለም። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች በነፃ ያዜማሉ፣ ያሸበሽባሉ። በመስጊድና በአብያተ ክርስቲያናት የልጆች ነሺዳና ኳየር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር አለ፣ ልጁ መድረክ ምን እንደሆነ በዓይኑ እንዲያይ ውሰዱት። መገልበጥና መዝለል ለሚወድ ልጅ ደግሞ ሰርከስ አስቡ፣ አዲስ አበባ ላይ እንደ ፍካት ሰርከስ ያሉ ልጆችን የሚያሠለጥኑ አሉ። እዚያ አንዱ ሌላውን ስለሚሸከም መተማመን በቃል ሳይሆን በትከሻ ይለመዳል።

ግቢያችሁ ውስጥ ራሳችሁ ለመጀመር

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ይህን በጣም እመክራለሁ። 8 ልጆች፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ በሳምንት አንድ ጊዜ። ከበሮ ከሌለ ጀሪካን ይመታል። የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሽምብራ ጨምሩና ክዳኑን በፕላስተር አጥብቃችሁ ጠቅልሉት፣ ተከፍቶ ትንሹ ልጅ አፉ ውስጥ እንዳይከት። አንድ ሻሽ ካለ ክንፍም፣ ወንዝም፣ ሕፃን ማዘያም ይሆናል።

45 ደቂቃውን እንዲህ ሙሉት። መጀመሪያ ክብ ሠርታችሁ እያንዳንዱ ልጅ ስሙን ከአንድ እንቅስቃሴ ጋር ይናገር፣ ሁሉም ይድገምለት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ከበሮው ሲመታ መሄድ፣ ሲቆም ደርቆ መቅረት። አሥር ደቂቃ ያህል፣ እየቀያየራችሁ፦ እንደ ዝሆን፣ ጭቃ ውስጥ እንዳለ ሰው፣ እንስራ እንደተሸከመች ሴት፣ ታክሲ እንዳያመልጠው እንደሚሮጥ ሰው። መቆሙ ከመሄዱ ይበልጣል፣ ራስን መግታት የሚለመደው እዚያ ነው። ቀጥሎ አንድ ዜማ በመቀባበል፣ አንድ ብቻ፣ ለሳምንታት የሚደጋገም። ልጆች መደጋገም አይሰለቻቸውም፣ የሚሰለቸን እኛ ነን። ከዚያ አንድ ተረት ተነግሮ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይተውኑት፣ ስምንቱም ጅብ፣ ከዚያ ስምንቱም አህያ፣ በዚህ መንገድ ዋና ተዋናይና ዳር የቆመ ልጅ አይኖርም። መጨረሻ ላይ ጋደም ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ከውጭ የሚሰሙትን ድምፅ ይቁጠሩ። ሳይጮሁ ወደ ቤት ይገባሉ፣ ጎረቤትም አይማረርም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ልጁ ሊያለቅስ ይችላል። ሊያይ ብቻ ሊፈልግም ይችላል። ተዉት፣ እያየ ነው የሚማረው። አንድ ወር ሙሉ ጥግ ተቀምጦ ያየ ልጅ ቤት ሲገባ ሁሉንም ለአያቱ የሚያሳያት ብዙ ነው። ስትወስዱት «ዛሬ ምን ተማርክ? አሳየኝ!» እያላችሁ አትፈትኑት። እንግዳ ሲመጣ «ዝፈንላቸው» ብላችሁ አታስገድዱት፣ ይህ ልጅን ከሙዚቃ የሚያባርር ዋናው ነገር ይመስለኛል። ቤት እያዜመ ካገኛችሁት ዝም ብላችሁ ተቀበሉት።

ወንድም እህት ካላቸው አታወዳድሩ።

ትርኢቱን በተመለከተ

በየዓመቱ የወላጆች ቀን ላይ የማየው ነገር አለ። የ5 ዓመት ልጅ ሊፕስቲክ ተቀብቶ፣ ሙቀት ውስጥ ሦስት ሰዓት ጠብቆ፣ በፕሌይባክ አፉን እያንቀሳቀሰ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ይወርዳል። ልጁ ድምፁን ሊያወጣ ነበር ስንማር የከረምነው። በራሱ ድምፅ ይዘምር፣ ቢሳሳትም። ከ20 ደቂቃ አይብለጥ። ጠዋት ይሁን። ወላጆች ስልካቸውን ለአንድ ሰው ሰጥተው ራሳቸው ይዩ፣ ልጁ መድረክ ላይ ሆኖ የሚፈልገው የእናቱን ፊት ነው፣ ስልኩ ከሸፈነው አያገኘውም።

በክረምት የጀመራችሁ ከሆነ ደግሞ አዳራሽ መከራየት አያስፈልጋችሁም። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፣ ከዚያ መስከረም 1 እንቁጣጣሽ ነው። ሆያ ሆዬና አበባየሆሽ ልጆች የራሳቸው አውጪ፣ የራሳቸው ተቀባይ፣ የራሳቸው ግጥም ፈጣሪ የሚሆኑበት እውነተኛ መድረክ ነው፣ ተመልካቹም በር ከፍቶ ይመጣል። የሐምሌን ሥራ ወደዚያ አዘጋጁት። ግጥሙን ከስፒከር አታስቀዱ። የጎረቤትን ስም እያስገቡ አዲስ ስንኝ ራሳቸው ይግጠሙ፣ የ7 ዓመት ልጅ ይችላል። አንድ ትልቅ ሰው ከኋላ ይከተላቸው፣ ያገኙትን ዳቦና ብር እኩል እንዲካፈሉም ከመነሣታቸው በፊት ተስማሙ።

ውጭ ሀገር ለምትኖሩ

ዋሽንግተንም ሁኑ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ፣ ችግራችሁ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ልጁ አማርኛ ይሰማል፣ በሌላ ቋንቋ ይመልሳል። እዚህ ላይ ድራማ ከመጽሐፍ ይበልጣል። የሱቅ ጨዋታ ተጫወቱ፣ ባለሱቁ አማርኛ ብቻ የሚሰማ ሰው ይሁን፣ ልጁ ብስኩት ከፈለገ በአማርኛ ይጠይቃል። ግጥምና ዜማ ደግሞ ምላሱን በ«ጠ»፣ በ«ጨ»፣ በ«ቀ» ላይ ያፍታታዋል፣ እየተስተካከለ እንደሆነ ሳይታወቀው።

ሀገር ቤት ያለችው አያቱ በቪዲዮ ዜማ ታስተምረው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ አብረው እኩል ለማዜም አይሞክሩ፣ ይበላሽና ሁለቱም ይከፋሉ። አያት ታውጣ፣ ትቁም፣ ልጁ ይቀበል። በዚህ መንገድ መዘግየቱ አይታወቅም።

ልጁ «አልሄድም» ሲል

መጀመሪያ ምክንያቱን እወቁ። ደክሞት ከሆነ ሰዓቱን ቀይሩ፣ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የሚሄድ የ4 ዓመት ልጅ ራበኝ ማለቱ ነው። ጓደኛ ሰድቦት ከሆነ ለአስተማሪዋ ንገሯት። ከአስተማሪው ወይም ከአንድ ትልቅ ሰው ፈርቶ ከመሰላችሁ ግን አታዘግዩ፣ በዚያው ቀን አስቀሩት፣ ልጁን ረጋ ብላችሁ አናግሩት፣ የከፈላችሁት ብር ይቅር። ዝም ብሎ ሰልችቶት ከሆነ የተከፈለበትን ወር ጨርሶ ይረፍ፣ በዓመቱ ሌላ ነገር ይሞክር። ውዝዋዜ ያልሆነለት ልጅ ከበሮ ሊሆንለት ይችላል፣ ከበሮ ያልሆነለትም የካልሲዋን ጦጣ ይዞ እስካሁን ያልሰማችሁትን ነገር ሊነግራችሁ ይችላል።